ለቋል ያለችው ዘፍዛፊ

አክስቴ መጀመሪያ የወደደችው ውሃውን ነው ወይስ ከቤት መራቁን? ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። እሷን ብጠይቃት «ሥራ ፈትተሃል መሰለኝ» ብላኝ ነው የምታልፈው። ባሏን ግን ጠይቄዋለሁ። ጫማ ሠሪ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከበሩ ላይ ካለችው አጭር በርጩማ አይነሳም። አፉ ውስጥ የያዛቸውን ሚስማሮች አንድ በአንድ አውጥቶ ከጨረሰ በኋላ «እኔ የማውቀው በዓመት ስንት ሶል እንደምትጨርስ ብቻ ነው» አለኝ።

እነሱ ቤት፣ ከጓሮ ባለችው ክፍል፣ ሦስት ዓመት ኖሬአለሁ። በነዚህ ሦስት ዓመታት አክስቴ ተቀምጣ ምግቧን ስትጨርስ ያየኋት ከአምስት ጊዜ አይበልጥም። ሻይዋን የምትጠጣው የበሩን መቃን ተደግፋ ነው። ጎረቤት ሊጠይቃት ሲመጣ ወንበሩን ለእንግዳው ትሰጥና እሷ ከኋላው ወዲያ ወዲህ እያለች ስለምታወራ፣ እንግዳው አንገቱ እስኪጣመም እየዞረ ያዳምጣታል። የምትሠራበት የሽመና ቤት ሰዎች «እትዬ ሽው» ይሏታል፤ ሽው ብላ መጥታ ሽው ብላ ስለምትሄድ። ፊት ለፊትም ይሏታል። አትቆጣም፤ ለመቆጣት ቆም ማለት ያስፈልጋል።

ሥራዋ መዘፍዘፍ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ የአሸዋ መኪኖች ከሚመላለሱበት መንገድ በስተግራ፣ ወንዙ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ አንድ ጉድጓድ አለ። ርዝመቱ ሃያ እርምጃ፣ ስፋቱ ስምንት፣ ጥልቀቱ ለሷ እስከ ደረት ነው። ከወንዙ በቀጭን ቦይ ውሃ ይገባዋል። በወንዙ ዳርና ዳር ደግሞ ማንም ሳይተክለው የሚበቅል፣ ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ ቀጭን ቁጥቋጦ አለ። የከተማው ሰው ለማገዶ እንኳ አይፈልገውም፤ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል። የሽመና ቤቱ ሰዎች ግን «የልጥ እንጨት» ይሉታል። ልጡ፣ ማለትም ከውጭው ቅርፊት ሥር ያለው ነጭ ጭረት፣ ከእንጨቱ ተላቆ ሲታጠብና ሲደርቅ ክር ይወጣዋል። ክሩም ጨርቅ ይሆናል። መጀመሪያ ሲነኩት ሻካራ ነው፤ በታጠበ ቁጥር ግን እየለሰለሰ፣ እየነጣ የሚሄድ ጨርቅ ነው።

ችግሩ ልጡ እንጨቱን ጠበቅ አድርጎ መያዙ ነው። ስለዚህ እንጨቱ ታስሮ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል፤ ድንጋይ ይጫነዋል፤ አሥር ቀን፣ አሥራ ሁለት ቀን፣ ብርድ ከሆነም አሥራ አምስት ቀን እዚያው ይተኛል። ውሃው ልጡን ከእንጨቱ ጋር ያጣበቀውን ሙጫ ቀስ እያለ ያበሰብሰዋል። አንድ ቀን ቀድመው ካወጡት አይላጥም፤ ቢጎትቱት ይበጣጠሳል። አንድ ቀን ካሳለፉት ደግሞ ሙጫውን የጨረሰው ብስባሴ ወደ ልጡ ራሱ ይዞርና እጅ ላይ እንደ ረጠበ ወረቀት ይቀራል። በሁለቱ መካከል አንዲት ቀን አለች። አክስቴ የምትሠራው ያቺን ቀን ማወቅ ነው።

እንዴት እንደምታውቃት አይቻለሁ። ከጉድጓዱ አንድ ዘንግ ትመዝና መሐሉ ላይ ትሰብረዋለች። ከዚያ የእንጨቱን ጫፍ በጥርሷ ይዛ ልጡን በሁለት ጣቷ ትስባለች። ካልሲ ከእግር እንደሚወልቅ ሙሉውን ሸርተት ብሎ ከወጣ «ለቀቀ» ትላለች። ካልወጣ ዘንጉን ትወረውረዋለች። ዘንግ ከመምዘዟ በፊት ግን ታሸታለች። ሽታው መጀመሪያ የሣር ነው፤ ቀጥሎ አፍንጫ የሚያስይዝ ነው፤ በመጨረሻ ደግሞ ጣፈጥ ይላል። ያ ጣፈጥ የሚለው ለአንድ ቀን ያህል ቢቆይ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ እንጨት ባለ ጊዜ ሁሉ ሌሊት ስምንት ሰዓት ገደማ ተነስታ ስትወጣ እሰማታለሁ፤ መብራቴ በርቶ ካየች በመስኮቱ በኩል «ተኛ እንጂ አንተ» ትለኛለች፣ እሷ ጫማዋን እያሰረች።

አንድ ጊዜ ወንዙ ሞልቶ ጉድጓዱን ደለል ሲደፍነው እስኪጠረግ ድረስ ለሁለት ወር ክር ክፍል አስገብተዋት ነበር። አሥራ ሁለት ሴቶች በረድፍ አጭር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይፈትላሉ። ያለችው አንዲት መስኮት ናት፤ እሷም ፀሐይ ክሩን እንዳታደርቀው ተብሎ ነጭ ቀለም ተቀብታለች። ሌሎቹ ሴቶች ቦታውን ይወዱታል። ጥላ ነው፣ ጨዋታ አለ፣ ሻይ እዚያው ይመጣል። አክስቴ በሦስተኛው ሳምንት በየደቂቃው ከበርጩማዋ ትነሳ ጀመር። ክሩ ወፍራምና ቀጭን እየሆነ አስቸገራት። ማታ ቤት ስትገባ ግቢውን ትዞር ነበር፤ ባሏ እንደነገረኝ አንድ ምሽት ስልሳ ዙር ቆጥሮላታል። ያን ምሽት «ስቀመጥ አየር ያጥረኛል» አለችው።

ባለፈው ዓመት ሽመና ቤቱ አዲስ ኃላፊ መጣለት። የቀድሞው ጡረታ ወጥቶ ነው። አዲሱ ከብስኩት ፋብሪካ የተዛወረ፣ ወጣት፣ ንጹሕ ሸሚዝ የሚለብስ፣ ሰው አክባሪ ሰው ነው። ክፋት የለበትም። በመጣ በሦስተኛው ሳምንት አክስቴን አስጠራና ወንበር ሳበላት። የቆመችበትን አልተወችም። ከነጋዴ የተዘጋጀ የፋብሪካ ክር እንደሚገኝ፣ ያኛው እንደማይሸት፣ ቀንም እንደማይጠብቅ አስረዳት። ከዚያ አንድ የመጋረጃ ጨርቅ ትእዛዝ እንዳለ ነገራት፤ ደንበኛው የፈለገው የልጥ ጨርቅ ነው። ለትእዛዙ ስልሳ እስር ንጹሕ ልጥ ያስፈልጋል። አሁን ጉድጓዱ ውስጥ ያለው መቶ እስር እንጨት ስልሳ ንጹሕ ልጥ ከሰጠ ሥራው ይቀጥላል። ካልሰጠ ጉድጓዱ አፈር ይሞላል። በቅንነት ፈገግ ብሎም «ያኔ እናቴ፣ እርስዎም ይደክምዎታል፤ ክር ክፍል ጥላ ሥር ቁጭ ይላሉ» አላት።

አክስቴ ከቢሮው ስትወጣ በሩን ከፍታው ሄደች። ያን ቀን ቤት ስትደርስ ስለ ስልሳው እስር ነገረችን፤ ስለ ጥላው ግን ለባሏ ብቻ ነው የነገረችው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በቀን ሁለቴ የምትሄድበትን ጉድጓድ አራቴ ትሄድበት ጀመር። ሶሎቿ ተበሉ። ባሏ ከጎማ ቆርጦ ሌላ መታላት።

ያ ሳምንት ከወትሮው የሞቀ ነበር። ውሃው ሞቀ፤ እንጨቱም ቸኮለ። ማክሰኞ ጠዋት፣ ገና በዘጠኝ ቀኑ፣ አክስቴ አንድ ዘንግ መዝዛ ሰበረች፣ ሳበች፣ ልጡ ሸርተት ብሎ ወጣ። ሌላ መዘዘች፤ እሱም ወጣ። እዚያ ያለው ሽማግሌ ዘበኛ እንደሚለው እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወዲያው ወደ መንገዱ ሮጠች።

በወንዙ አካባቢ ስልክ ኔትወርክ የለውም። ለዚህ ነው ለአሥራ አራት ዓመት መልእክት በአሸዋ መኪና የሚላከው። ከሻይ ቅጠል ካርቶን ቀደደችና እንደ ሁልጊዜው ጻፈችበት፦ «ለቋል። ዛሬውኑ ሰው ይላክልን።» የቀድሞው ኃላፊ ይህን ወረቀት ሲያይ ሻይውን እንኳ ሳይጨርስ መኪናውን ያስነሳ ነበር። መኪናው በየሰፈሩ ዞሮ ልጡን ልጠው የሚያጥቡትን አሥራ ስምንት አጣቢዎች ይለቅማል፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሁሉም ጉድጓዱ ውስጥ ናቸው።

አዲሱ ኃላፊ ወረቀቱን አገላብጦ አየው። የአሸዋ መኪናውን ሹፌር «ማን ነው የለቀቀው?» ብሎ ጠየቀው። ሹፌሩ እሱ ወረቀት ከማድረስ ሌላ የሚያውቀው ነገር እንደሌለ ነገረው። ኃላፊው ጥቂት አሰበ። ከሳምንት በፊት የጉድጓዱ ዘበኛ አዲስ ቦቲ ጫማ ካልተሰጠው ሥራውን እንደሚለቅ አስጽፎ ልኮ ነበር። ነገሩ ግልጽ ሆነለት። ዘበኛው ለቋል፤ ሰው ይላክ። ለሹፌሩም «ሰው ይላካል በላቸው፣ ነገ ይደርሳል» አለው፤ በሩጫም አዲስ ዘበኛ ፈልጎ፣ ደብዳቤ አስጽፎ፣ ማህተም አስመታ። የብስኩት ፋብሪካው እንዲህ ያለ ፍጥነት አያውቅም ነበር፤ ያን ቀን በራሱ ደስ ብሎት እንደነበር በኋላ ራሱ ነግሮኛል።

ሹፌሩ ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ለአክስቴ መልሱን አደረሰላት። ነገ የሚለው ቃል አልጣማትም። ግን መኪናው ሌላ ጉዳይ ይዞት ይሆናል አለች። እንጨቱን ለአንድ ሌሊት ማዘግየት ነበረባት። ቀዝቃዛ ውሃ ብስባሴውን ያዘገየዋል፤ ስለዚህ ከዘበኛው ጋር ሆና የቦዩን አፍ በዶማ አሰፋችና ገና የመጣ ቀዝቃዛ የወንዝ ውሃ ጉድጓዱ ውስጥ ለቀቀችበት። እስኪነጋ ድረስ አልተቀመጠችም። ዘበኛው ተቀምጦ ሲያንጎላጅ በነቃ ቁጥር እሷ በጉድጓዱ ሌላ ጠርዝ ላይ ናት። «አንድ ጊዜ ሁለት ሆና ታየችኝ» ብሎኛል።

ረቡዕ ጠዋት ከላይኛው ረድፍ አንድ ዘንግ መዘዘች። ልጡ ያለ ምንም ችግር ወጣ። ጣቷ ላይ ጠቅልላ ሳብ ስታደርገው ግን ያለ ድምፅ ተበጠሰ። ደህናው ልጥ ሲበጠስ ጠሽ ይላል። ላይኛው ረድፍ መሞት ጀምሯል ማለት ነው።

መኪና በመጣ ቁጥር መንገዱ ላይ ትወጣለች። ስድስት ሰዓት ላይ የአሸዋ መኪናው መጥቶ ቆመ። ከላይ አንድ ጎልማሳ ሰው ወረደ፤ የተጠቀለለ ፍራሽ በትከሻው፣ ጄሪካን በአንድ እጁ፣ ዱላ በሌላው።

«ሌሎቹስ?» አለችው።

«የትኞቹ ሌሎች?»

«ሰዎቹ ናቸዋ።»

«ሰው ላኩ ተባለ፤ መጣሁ። ሰውዬው እኔ ነኝ።» ፍራሹን አወረደና ደብዳቤውን ከኪሱ አውጥቶ ለሽማግሌው ዘበኛ ሰጠው። «ለመሆኑ የዘበኛ ቤቱ ያፈሳል? በሌሊት ነው የማልፈልገው እንጂ በቀን ግድ የለኝም።»

ሽማግሌው መነጽሩን አድርጎ አነበበ። በለቀቁት ዘበኛ ምትክ ይላል። ደግሞ አነበበው። ከዚያ ቀና ብሎ «እኔ መቼ ነው የለቀቅሁት?» አለ።

«አልለቀቁም እንዴ ጋሼ? ታዲያ ማን ነው የለቀቀው?»

«እንጨቱ» አለች አክስቴ።

ሽማግሌው እንዳለው ያን ጊዜ ሳቀች፤ ሳቋ ግን የሚያስፈራ ነበር፤ አፏ ስቆ ዓይኗ አልሳቀም። የቦዩን አፍ እንዳይዘጉ፣ ድንጋዩንም እንዳይነኩ ለሁለቱ ዘበኞች ነገረቻቸውና ሹፌሩ አጠገብ ጋቢናው ውስጥ ገባች። ሹፌሩ አሸዋ ገና እንዳልጫነ ሊያስረዳት ሞከረ። በሩን ዘጋችው።

ቢሮ ስትደርስ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበረች። ኃላፊው ተነሥቶ ወንበር ሳበላት፤ አዲሱ ዘበኛ በሰላም ደርሶ እንደሆነም ጠየቃት። መጀመሪያ በእርስዎ ጀመረች፤ ወረቀቱ ስለ ዘበኛው እንዳልሆነ፣ ለቀቀ ማለት ልጡ ከእንጨቱ ለቀቀ ማለት እንደሆነ፣ ይህን ከክር ክፍል እስከ ማቅለሚያ ያለ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው አስረዳችው። እሱ ግን ደብዳቤው ማህተም ስለተመታበት ጉዳዩ እንዴት እንደሚስተካከል ያስብ ጀመር። እርስዎው እዚያ ላይ አለቀ።

«አንተ ልጅ፣ ስማኝ። ጉድጓዱ ውስጥ መቶ እስር እየሞተ ነው። እስከ ማታ ካልወጣ ምንም የለህም።»

ገባው። ፊቱ እንዴት እንደተለወጠ የጽሕፈት ቤቱ ሴት ነግራኛለች፤ ጆሮው ቀላ ብላለች። ግን የሽመና ቤቱ መኪና ጨርቅ ጭኖ ሄዷል፣ የሚመለሰው ነገ ነው። አጣቢዎቹ ደግሞ በአራት ሰፈር የተበተኑ ናቸው። ስልክ ማንሣት ጀመረ። አክስቴ የስልኩን መጨረሻ አልጠበቀችም።

የሸማኔዎቹ አዳራሽ ሃያ ሁለት የእንጨት መሸመኛ አለው፤ ሁሉም ሲሠራ ሰው የራሱን ድምፅ አይሰማም። በሩ ላይ ቆመች። ሽታዋ ቀድሟት ገባ ይላሉ። አንድ ሁለቱ ሥራቸውን አቆሙ፤ ቀስ በቀስም አዳራሹ ጸጥ አለ።

«ለቋል» አለች።

ማንም ማን ነው ብሎ አልጠየቀም። የሸማኔዎቹ አለቃ፣ ግራ ዓይኑ የሚርገበገበው ሰውዬ፣ እግሩን ከመርገጫው አወጣና «በስንት ቀኑ?» አላት። በዘጠኝ ሆኖ ትናንት እንደለቀቀ፣ አጣቢዎቹ እንዳልመጡ ነገረችው። ትናንት የሚለውን ሲሰማ መቀሱን ከአንገቱ አወለቀ። ሸማኔ ጉድጓድ አይወርድም። እጁ እንዳይሻክር ይጠነቀቃል፤ ሻካራ እጅ ድር ይይዛል። እዚያ ያሉት ይህን ያውቃሉ፣ እሷም ታውቃለች፤ ለዚህም ኑ አላለቻቸውም። ከወደ መስኮቱ ያለ አንድ ወጣት ሸማኔ ያ ሽታ ከያዘው ሚስቱ እንደምትሄድበት ተናገረ። አለቃው ያለ ሽታም እስካሁን የቆየችው በትዕግሥቷ መሆኑን አስታወሰውና አዳራሹ ሳቀ። ሲስቁ ሲስቁ አሥራ አንድ ሰዎች ተነሡ። ከክር ክፍል ደግሞ አራት ሴቶች ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገው መጡ።

የአሸዋ መኪናው ሹፌር አሸዋ እንጂ ሸማኔ ጭኖ እንደማያውቅ ለሁሉም እያሰማ ጫናቸው። በኛ ሰፈር ሲያልፉ አክስቴ ከጋቢናው አንገቷን አውጥታ ባሏን «አንተ ሰውዬ፣ ውጣ» አለችው። ሃያ ዓመት ተጋብተው ያን ጉድጓድ አይቶት አያውቅም። ሽታውን የሚያውቀው ከሷ ልብስ ነው፤ ልብሷን ደግሞ ራሱ ነው ደጅ የሚያሰጣው። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። በርጩማውን ወደ ውስጥ አስገባ፣ በሩን ቆለፈ፣ የቆዳ ሽርጡን እንደታጠቀ መኪናው ላይ ተንጠላጠለ። እኔም ተከትዬው ወጣሁ።

ስንደርስ ሁለቱ ዘበኞች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ ለሌላው ስለ ቦቲ ጫማው ያጫውተው ነበር።

ሸማኔዎቹ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ገቡ፤ ድንጋዩን አነሱ፤ እጃቸውም ማንኛውም ሰው እንደሚያደርገው መጀመሪያ ላይኛውን ረድፍ ያዘ። የቀረበውን ማዳን ነው። አክስቴ እስከ ደረቷ ውሃ ውስጥ ሆና «ላይኛውን ጣሉት» አለች።

ባሏ አንድ እስር አቅፎ ቆሞ ነበር። አሳዘነው መሰለኝ፤ «ይሄ እኮ ደህና ነው» አላት። አንድ ጭረት ከእቅፉ መዝዛ ጣቷ ላይ ጠቀለለችና ሳበችው። ድምፅ አልነበረውም።

«ጣለው» አለችው። «ፀሐዩን የበላው እሱ ነው። ከሥር ያለው ነው በሕይወት ያለው። በዚህኛው ስትለፋ ያኛው ያልፍብሃል።»

ላይኛው ረድፍ ሠላሳ አንድ እስር ነበር። ሠላሳ አንዱም እንዳለ ዳገቱ ላይ ተወረወረ። ማንም ሳያጥበው፣ ማንም ሳይነካው። ከመቶ ስልሳ ዘጠኝ ቀረ ማለት ነው፤ ይህን ስሌት እዚያ ያለ ሰው ሁሉ ሠርቶታል። መሐለኛውን ረድፍ እሷ ራሷ እስር በእስር እየሰበረች ለየችው። ጠሽ ያለው ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ዝም ያለው ወደ ግራ። ስድስት ወደ ግራ ሄደ። ስልሳ ሦስት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው። እየላጡ መሳብ፣ ድንጋይ ላይ መምታት፣ በሚሮጠው ውሃ ማጠብ፣ መጭመቅ፣ እንደገና መምታት። ወደ ማታ ገደማ ኃላፊው በኮንትራት ታክሲ መጣ፤ ከየሰፈሩ ያገኛቸውን ሰባት አጣቢዎች አጨናንቆ ጭኗል፤ እሱ ራሱ የተቀመጠው አንዷ አጣቢ ጉልበት ላይ ነበር ብለው እስከ ዛሬ ይስቁበታል። የት ልግባ አላት። አክስቴ ሸሚዙን አየችና የእስሩን ጫፍ አስያዘችው። እሷ ከወዲያ፣ እሱ ከወዲህ፣ ውሃው በመሐል። እንዴት እንደሚጠመዘዝ አንድ ጊዜ አሳየችው፤ ሁለተኛውን ጊዜ ሳትነግረው ሠራው። እየመሸ ሲሄድ የአሸዋ መኪናው መብራቱን አበራላቸው። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ የመጨረሻው እስር ከውሃ ወጣ። ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ፤ እሷ ቀረች።

ልጥ ከውሃ በወጣ በማግስቱ ካልተገላበጠ ውስጡ ይሻግታል። ዝናብ ከነካውም ይጠቁራል። ሐሙስና ዓርብ ስልሳ ሦስቱ እስር ተፈትቶ በገመድ ላይ ተሰጥቶ ነበር፤ እሷም በገመዶቹ መሐል ስትመላለስ ዋለች፣ አደረች፣ ዋለች። ዓርብ ከሰዓት ነፋስ ተነሥቶ አንዱን ገመድ ከነልጡ አሸዋው ላይ ጣለው። ሁለት እስር አሸዋ ገባበት፤ ቢያራግፉትም አልወጣም። ስልሳ አንድ። ባሏ ዳቦ ይዞላት ሄዶ ነበር፤ ከኋላዋ እየተከተለ ነው ያጎረሳት።

ቅዳሜ ጠዋት ልጡ ሽመና ቤት ገባ። ሲበጠር አንድ እስር ውስጡ ሻግቶ ተገኘ። ስልሳ ቀረ። ከዚህ በኋላ የሚጎድል ነገር አልነበረም፤ ከስልሳው አንድ ቢበላሽ ነገሩ አበቃ። አክስቴ በክር ክፍሉ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ወደ ውስጥ አልገባችም። ፈታዮቹ ከየእስሩ ትንሽ ትንሽ እየወሰዱ ፈተሉ። የሸማኔዎቹ አለቃ ጥንካሬውን ሊፈትን እያንዳንዱን ክር ከመስኮቱ ማጠፊያ ላይ አስሮ ጫፉ ላይ ድር የሚወጠርበትን ድንጋይ ያንጠለጥልበታል፤ እስከ አሥር ይቆጥራል፤ ያወርደዋል። ኃላፊው አጠገቡ ሆኖ ወረቀት ላይ ምልክት ያደርጋል። ሠላሳ አራተኛው ላይ ክሩ ዞረ፣ ተወጠረ፣ አንድ ቀጭን ጭረቱ ተነሣ፤ አለቃው ከስምንት በኋላ ዘጠኝን ለማለት ዘገየ። ያዘ። ስልሳኛው ሲወርድ ማንም አላጨበጨበም፤ ሴቶቹ ወደ ሥራቸው ዞሩ።

ኃላፊው ወደ በሩ መጣ። እጁ ከረቡዕ ጀምሮ የተላጠ ነው። «እትዬ፣ የሚቀጥለው እንጨት መቼ ነው የሚቆረጠው?» አላት። እናቴ አላለም።

«ሰኞ» አለችው። «ቀዝቀዝ ብሏል፤ አሥራ ሁለት ቀን ይፈጃል።»

ሊነግራት የፈለገው ሌላም ነገር ነበር፤ አዲሱ ዘበኛ ደብዳቤው ስለታተመ እንደሚቆይ፣ ሽማግሌውም ቦቲውን እንደሚያገኝ። እሷ ግን መንገድ ላይ ነበረች።

ቤት ስትደርስ ባሏ ደጅ ተቀምጦ ሶል ይወጋ ነበር። «እሺ?» አላት። «ሰኞ እንቆርጣለን» አለችው። ራሱን ነቀነቀና መውጊያውን መልሶ ያዘ። ፊቷን ታጠበች። ውሃ ጠጣች፣ ቆማ። ከዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ ሆና ጫማዋን ልትፈታ ጎንበስ አለች፤ አንዱን ፈታች፤ ሁለተኛው ላይ ደግሞ እንጨቱ ስለሚቆረጥባቸው ማጭዶች መሳል እየነገረችኝ ነበር፣ የትኛው እንደደነዘ፣ የትኛው እጀታው እንደላላ። የሦስተኛውን ማጭድ ነገር ሳትጨርስ እንቅልፍ ጣላት። ጋደም ብላለች፤ እግሯ ግን፣ ጫማው ያልወለቀው፣ ከአልጋው ወጥቶ ትንሽ ትንሽ ይወዛወዛል። ባሏ መዶሻውን አስቀመጠ፣ ገብቶ አያት፣ እንዳልነካት ወጣ። ጥቂት ቆይቶ እግሯም አረፈ። ሰዓቱን አየሁ፤ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሃያ ነበር።